የፓርላማና የዲሞክራሲ አስተዳደር የዶክትሬት ጥናት፦ ገንዘቡ ከየት ይገኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአገራችን ስለ ምርጫ፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ግጭትና ስለ ሰላም ብዙ ተጽፏል። ሕግ ስለሚወጣበት፣ በጀት ስለሚጸድቅበት፣ ሚኒስትር ተጠርቶ ስለሚጠየቅበት ቤት ግን የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። ነገሩ የሚያስቆጭ ቢሆንም ለተማሪ ሰፊ ሜዳ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ማስተርሳቸውን ጨርሰው ወይም ፒኤችዲ ጀምረው ስለ ምክር ቤቶች መሥራት ከሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። መልሶቹ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ታስበው ተጽፈዋል።

ፓርላማን ለማጥናት ተብሎ የተመደበ የዶክትሬት ስኮላርሺፕ አለ?

አለ፤ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ በአሜሪካ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ያለው የካርል አልበርት ማዕከል ነው። ማዕከሉ የተሰየመው በቀድሞው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው በፖለቲካ ሳይንስ ዶክትሬታቸውን ለሚሠሩ ጥቂት ተማሪዎች ፌሎሺፕ ይሰጣል። ትኩረቱ ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ነው፤ ስለ አራት ኪሎው ምክር ቤት መጻፍ ለሚፈልግ ሰው እምብዛም አይሆንም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ሶአስ ነው። በአንትሮፖሎጂስቷ ኤማ ክሩ የሚመራ፣ ፓርላማንና ሕዝብን የሚመለከት ዓለም አቀፍ የምርምር መረብ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በማይናማርና በኢትዮጵያ ላሉ ተመራማሪዎች አነስተኛ ግራንቶችን ሰጥቶ ነበር። ገንዘቡ የመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ከውጭ ዕርዳታው ላይ ለምርምር ካዋለው ፈንድ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የዕርዳታ በጀቷን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ስታወርድ ይህ ፈንድ ክፉኛ ተቆረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ፤ ለዲሞክራሲና ለመልካም አስተዳደር ሥራ ይውል የነበረው ገንዘብ ዋናው ምንጭም አብሮ ደረቀ።

ይህን የምናነሳው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በዚህ መስክ የሚሠራ ተማሪ አራት ዓመቱን ሙሉ በአንድ ለጋሽ ላይ መጣል እንደሌለበት ለማሳየት ነው። የኑሮ ወጪዎን አንዱ፣ የመስክ ሥራዎን ሌላው፣ የመጨረሻውን የጽሑፍ ጊዜ ሦስተኛው ቢሸፍንልዎ ጥናቱ ለአደጋ አይጋለጥም። ገንዘቡንም "ፓርላማ" በሚለው ስም ብቻ አይፈልጉት። አብዛኛው የሚገኘው "ተጠያቂነት"፣ "የሕዝብ ገንዘብ ቁጥጥር"፣ "ፌዴራሊዝም"፣ "ሴቶችና ፖለቲካ"፣ "ሰላም ግንባታ" በሚሉ ርዕሶች ሥር ነው።

ታዲያ ርዕሴን እንዴት ልቅረጸው?

ፕሮፖዛሎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። "የፓርላማ ሚና በኢትዮጵያ የዲሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ" የሚል ርዕስ ለገምጋሚ ምንም አይነግረውም። የት ሄደው፣ ምን አይተው፣ ምን እንደሚመልሱ አይታወቅምና።

ከዚህ ጋር ያስተያዩት፦ የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱ የተጓደለ ሒሳብ ያለባቸውን መሥሪያ ቤቶች በስም ይጠቅሳል። የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎቹን ጠርቶ ይጠይቃል። ከዚያስ? በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ያው መሥሪያ ቤት በያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል ወይስ ታርሞ ይወጣል? ይህን በተወሰኑ መሥሪያ ቤቶች ላይ፣ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ መከታተል ይቻላል። ሰነዱ አለ፣ የሚጠየቁት ሰዎች ይታወቃሉ፣ መልሱም ለዜጋው ይጠቅማል። ገምጋሚ ይህን ሲያነብ ሥራው እንደሚያልቅ ያምናል።

ሌሎችም አሉ። በ2013ቱ ምርጫ ማግስት በተቋቋመው ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ ከ40 በመቶ በላይ ነው፤ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አጀንዳ የሚያስይዘው ማን ነው? በ1997 ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር ሲያሸንፉ፣ በ2007 ዓ.ም. 547ቱም ወንበሮች የገዥው ግንባርና የአጋሮቹ ሆኑ፤ በሁለቱ ጊዜያት የሚኒስትሮች መጠየቂያ ክፍለ ጊዜ ምን ልዩነት አሳየ? የክልል ምክር ቤቶችስ? ስለ ጨፌ ኦሮሚያ ወይም ስለ ደቡቡ አዳዲስ ክልሎች ምክር ቤቶች አሠራር በጥልቀት የሠራ ሰው ብዙ አያገኙም። የእኛ እምነት ቀጣዩ ትልቅ ሥራ የሚወጣው ከክልል ምክር ቤቶች ነው።

አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። ምን አለልኝ?

በመጀመሪያ የራስዎ ዩኒቨርሲቲ። መምህር ሆነው በመሥሪያ ቤትዎ ተልከው የሚማሩ ከሆነ ደሞዝዎ ይቀጥላል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ምርምርም የተወሰነ በጀት ይይዛሉ። ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ዘግይቶም ይለቀቃል። ቢሆንም ማመልከት አለብዎት፤ ሌሎች ለጋሾች "ተቋምህ ምን አዋጣ?" ብለው ይጠይቃሉና።

ሁለተኛ የአህጉሩ ድርጅቶች። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዳካር የሆነው ኮዴስሪያ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአፍሪካ ማኅበራዊ ሳይንስን ሲደግፍ የኖረ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰጣቸው አነስተኛ ድጋፎች ብዙ ወጣት ምሁራንን አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት ኦስሪያ ደግሞ መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱም ጥሪ የሚያወጡት ገንዘብ ሲያገኙ ስለሆነ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካው የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ካውንስል ለአፍሪካ መምህራን የከፈተው የዶክትሬት ፌሎሺፕ በስፋት ይወራለታል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ለጋና፣ ለኬንያ፣ ለናይጄሪያ፣ ለደቡብ አፍሪካ፣ ለታንዛኒያና ለኡጋንዳ ዩኒቨርሲቲዎች ነበር። ከማመልከትዎ በፊት የአገር ዝርዝሩን ያንብቡ። ብዙ ሰው ሳምንታት ፈጅቶ ፎርም ከሞላ በኋላ ነው ኢትዮጵያ አለመኖሯን የሚያየው።

ሦስተኛ "ሳንድዊች" የሚባለው መንገድ፦ ዲግሪውን የሚሰጠው የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የተወሰነ ጊዜ ውጭ ይቆያሉ። ስዊድን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለአሥርት ዓመታት በቆየ የምርምር ትብብር በዚህ መንገድ ብዙ ሰው አስተምራለች። የቤልጅየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከጅማ፣ ከመቀሌ፣ ከባሕር ዳርና ከአርባ ምንጭ ጋር ሠርተዋል። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድም አገር ቤት የተመዘገበ የዶክትሬት ተማሪ በጀርመን ሁለተኛ አማካሪ ይዞ በድምሩ እስከ 2 ዓመት እንዲቆይ የሚያስችል ፕሮግራም አለው። ፓርላማን ለሚያጠና ሰው ይህ መንገድ ከሁሉም የተሻለ ይመስለናል። ምክር ቤቱ ያለው እዚህ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱና የንድፈ ሐሳብ ውይይቱ ደግሞ እዚያ ይበዛል።

ሙሉ በሙሉ ውጭ አገር መማር ብፈልግስ?

በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደሞዝተኛ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ከመፈለግ ይልቅ የዩኒቨርሲቲዎቹን የሥራ ማስታወቂያ መከታተል ይሻላል። በስዊድን ለዶክትሬት የትምህርት ክፍያ የለም፤ ከየትም አገር ይምጡ። የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ በተለይ መታየት አለበት፤ የዓለምን አገሮች የዲሞክራሲ ሁኔታ የሚለካው የቪ-ዴም ተቋም የሚገኘው እዚያ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክዎዶቭስካ-ኪዩሪ የዶክትሬት መረቦች ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው። ዋናው ገደብ የመኖሪያ ነው፦ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በሚቀጥርዎ አገር ኖረው ከሆነ አይቀበሉዎትም።

በጀርመን ከዳድ ሌላ የፖለቲካ ፋውንዴሽኖች አሉ። ፍሪድሪሽ ኤበርትና ኮንራድ አደናወር ስለ ፓርላማ፣ ስለ ፓርቲና ስለ ዲሞክራሲ መሥራት ዋና ተግባራቸው በመሆኑ ርዕስዎን ለማስረዳት አይቸገሩም። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ መመዝገብና ጀርመንኛ መቻል ግን ይጠይቃሉ። ዳድ ላይ የጊዜ ገደቡን ልብ ይበሉ፤ በመደበኛው የዶክትሬት ድጋፍ ከመጨረሻ ዲግሪዎ ከ6 ዓመት በላይ እንዲያልፍ አይፈቀድም።

በአሜሪካ ትላልቆቹ የፖለቲካ ሳይንስ ክፍሎች የተቀበሉትን ዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ በማስተማር ረዳትነት ስታይፔንድም ይከፍላሉ። ገንዘብ ያልያዘ የመግቢያ ደብዳቤ ቢደርስዎ አይቀበሉት። የማመልከቻ ክፍያው ከከበደዎ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጠይቆ ለሚያስረዳ ሰው ያነሱለታል።

ለቼቭኒንግና ለኮመንዌልዝ ላመልክት?

የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ ለማስተርስ እንጂ ለዶክትሬት አይደለም። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ለአባል አገሮች ዜጎች የተዘጋጀ ስለሆነ ኢትዮጵያዊ አያመለክትም። ወደ እንግሊዝ መሄድ ከፈለጉ ጌትስ ካምብሪጅን ወይም የኦክስፎርዱን ክላረንደን ይሞክሩ፤ ሁለቱም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ናቸው፤ ዶክትሬትንም ይደግፋሉ። ፉክክሩ ግን በጣም ከባድ ነው።

አሜሪካ የምኖር ነኝ፤ በዲቪ ነው የመጣሁት። የተለየ ዕድል አለኝ?

አለዎት፤ የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎሺፕ ለስደተኞችና ለስደተኛ ልጆች ብቻ የተቋቋመ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ዜግነት ያገኘ፣ በጥገኝነት ወይም በስደተኝነት የገባ ሰው ማመልከት ይችላል። ለሁለት ዓመት እስከ 90,000 ዶላር ይሰጣል፤ ዕድሜ ከ30 መብለጥ የለበትም፤ ትምህርቱም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መሆን አለበት። ልጆቻችሁ ኮሌጅ የጨረሱላችሁ ወላጆችም ይህን ንገሯቸው።

ስለ ኢትዮጵያ ምክር ቤቶች ከአሜሪካ ሆነው የሚጽፉ ከሆነና አቀራረብዎ የአንትሮፖሎጂ ከሆነ፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ሰዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያዩ ከሆነ፣ የዌነር-ግሬን ፋውንዴሽን የመስክ ሥራ ግራንት አለ። ዜግነትም ሆነ የሚማሩበት አገር አይገድበውም፤ አዲስ አበባ የሚማር ሰውም ሊያመለክት ይችላል።

በጀቱን እንዴት ልሥራው?

ቀን በቀን፣ በዝርዝር። "የመስክ ወጪ" ብሎ በጅምላ ቁጥር የጻፈ ሰው ለምን እንደተቀነሰበት ሊገርመው አይገባም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጥናቱ የፌዴራሉን ምክር ቤትና ሁለት የክልል ምክር ቤቶችን፣ እንበል ጨፌ ኦሮሚያንና የሶማሌ ክልልን፣ የሚያወዳድር ነው። ቃለ ጉባኤው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚችል ተመራማሪ ለሁለቱ ተርጓሚ ያስፈልገዋል። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቅጂን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፤ መተርጎሙ ደግሞ ሌላ። አብዛኛው ተማሪ ለአውሮፕላን፣ ለአልጋና ለአበል ይመድብና ይህን ይረሳል። ከዚያ መቶ ሰዓት ቅጂ ይዞ ሳይገለበጥ አንድ ዓመት ይቀመጣል። በበጀትዎ ውስጥ ግልበጣና ትርጉም ከትራንስፖርት ቢበልጡ አይደንግጡ፤ እንዲያውም ትክክል የሠሩት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው የምንዛሪ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በብር የተመደበ ግራንት የያዙ ተማሪዎች ታብሌት፣ የድምፅ መቅጃና የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊገዙበት ያሰቡት ገንዘብ በግማሽ ሟሸሸባቸው። ከውጭ የሚገዙትን ዕቃ አስቀድመው ይግዙ፤ ለጋሹ ከፈቀደም በጀቱን በዶላር ወይም በዩሮ ያስይዙ።

ለቃለ መጠይቅ ለምክር ቤት አባል ወይም ለባለሥልጣን ገንዘብ አይክፈሉ። ለቡድን ውይይት ከሩቅ የሚመጡ መራጮች ትራንስፖርት መሸፈን ግን ተገቢ ነው፤ በሥነ ምግባር ኮሚቴው ማመልከቻ ላይ ይጻፉት።

የምክር ቤቱን ፈቃድ ከገንዘቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምጠይቀው?

በፊት። ከዩኒቨርሲቲዎ የትብብር ደብዳቤ ያጽፉ፤ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፤ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገቢ ያድርጉና ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በእጅዎ ይያዙ። ከአንድ ወር በኋላ "ደብዳቤው የት ደረሰ?" ሲሉ የሚያስመልስልዎ ያ ቁጥር ነው። የጽሑፍ መልስ ካገኙ ከማመልከቻዎ ጋር አያይዙት። ለጋሾች ስለ ኢትዮጵያ ትልቁ ሥጋታቸው "ያስገቡታል ወይ?" የሚለው ስለሆነ ይህች አንዲት ወረቀት ብዙ ትሠራለች።

የምክር ቤቱን የሥራ ዘመንም ያስታውሱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ የሚከፈተው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ብዙ የውጭ ግራንቶች ገንዘቡን የሚለቁት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ አዳራሹ ባዶ ነው። እነዚያን ወራት ለሰነድ ሥራና ወደ ምርጫ ክልላቸው የሄዱ አባላትን ለማግኘት ያውሏቸው። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ በጀቱ የሚታይበት ጊዜ ስለሆነ ስለ ቁጥጥር የሚያጠና ሰው ሊያመልጠው አይገባም።

ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱ ችግር ያመጣብኛል?

ጥያቄው ከባዶ የመነጨ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብትና በአስተዳደር ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከበጀታቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ይከለክል ነበር። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። ሕጉ የሚመለከተው ድርጅቶችን እንጂ የአንድ ተማሪን ስኮላርሺፕ አይደለም። ጥርጣሬው ግን በብዙ ቢሮዎች ውስጥ እንዳለ ነው።

የምንመክረው ግልጽነትን ነው። ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲዎ ሒሳብ በኩል ቢያልፍ ይመረጣል። ለሚያነጋግሩት ሰው ሁሉ ማን እንደሚከፍልዎ በመግቢያው ላይ ይንገሩት። ውል ሲፈርሙ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ውጤቱን ያለ ለጋሹ ፈቃድ ማሳተም እንደሚችሉ፣ የቃለ መጠይቅ ጥሬ መረጃውም በእጅዎ እንደሚቀር። ስማቸው እንዳይገለጽ ቃል የገቡላቸውን ሰዎች ቅጂ ለጋሽ ከጠየቀዎ አይስጡ። ገንዘቡ ቢቀርም ይቅር፤ ያመነዎ ሰው ይቀድማል።

ምንም ገንዘብ ባላገኝስ?

ጥናቱን ያጥብቡት እንጂ አይተዉት። በነፃ የሚገኝ ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት ፓርላይን የሚባል የመረጃ ቋት አለው፤ የየአገሩን ምክር ቤት አወቃቀር ያገኙበታል። አፍሮባሮሜትር ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያም የሕዝብ አስተያየት ሰብስቧል፤ ሰዎች በምክር ቤት አባላቶቻቸው ላይ ያላቸውን አመለካከት የሚመለከቱ ጥያቄዎች አሉት። የቪ-ዴም መረጃም ለማንም ክፍት ነው።

የታሪክ አቅጣጫ ከመረጡ ወጪው በጣም ይቀንሳል። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋሙት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተደረገው የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ፣ ኋላ የመጣው ብሔራዊ ሸንጎ፣ ሁሉም ገና ብዙ ያልተነኩ ናቸው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ነጋሪት ጋዜጣ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና የአገሪቱ ቤተ መዛግብት በአዲስ አበባ ታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። የዚያን ዘመን እንደራሴዎች ንግግር የሚያስታውሱ አረጋውያን ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ነውና በዚህ በኩል የሚሠራ ሰው ባይዘገይ ደስ ይለናል።

የድጋፍ ደብዳቤ ማን ይጻፍልኝ?

ሥራዎን አንብቦ የሚያውቅ ሰው። የሚኒስትር ወይም የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ለገምጋሚ አይጠቅምም፤ ስለ ነፃነትዎ እንዲጠራጠርም ያደርገዋል። ለሚጽፍልዎ መምህር ፕሮፖዛሉን፣ ሲቪዎንና የመጨረሻውን ቀን ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይላኩለት።

መቼ ልጀምር?

የአሜሪካና የአውሮፓ አብዛኞቹ በሮች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘጋሉ፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በሚቀጥለው መስከረም አካባቢ ነው። ስለዚህ በክረምቱ፣ ምክር ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ ባለ ሁለት ገጽ ሐሳብ ይጻፉ። በነሐሴ ለሚፈልጉት አማካሪ በኢሜይል ይላኩት፤ ስለ ኢትዮጵያ የማያውቅ ቢሆንም ስለ ፓርላማ ኮሚቴዎች የሚያውቅ ሰው ይበቃዎታል። መስከረም መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲከፈት የትብብር ደብዳቤዎን ያስገቡ። በጥቅምት የሚያመለክቱበትን ፎርም ሲከፍቱ ሁለቱም መልሶች በእጅዎ ሊሆኑ ይችላሉ።